የሌለ መኪና በምን ይመዘናል? ምናባዊው የመኪና አውደ ርእይ ከዳንግላ ሲታይ

በዓለም ዙሪያ በርካታ ሰዎች ፋብሪካ የማያውቃቸውን መኪኖች ይነድፋሉ። ብዙዎቹ መሐንዲሶችም የመኪና ኩባንያ ተቀጣሪዎችም አይደሉም፤ ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ጡረተኞች ናቸው። ለመኪናቸው ስም ያወጣሉ፤ መኪናውን ሠራ የሚባል ኩባንያ ይፈጥራሉ፤ ለኩባንያውም የምሥረታ ዘመን፣ የቀድሞ ምርቶች ዝርዝር፣ አንዳንዴም የኪሳራ ታሪክ ይጽፉለታል። ከዚያም በተቀጠረ ቀን፣ በኮምፒዩተር በተሣለ አዳራሽ ውስጥ፣ እንደ እውነተኛው የመኪና አውደ ርእይ መጋረጃውን ገልጠው ለመሰሎቻቸው ያሳያሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሌለ መኪና በምን ይመዘናል? ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ቢመስልም ለእኛ ከጨዋታ ያለፈ ፋይዳ አለው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ኢትዮጵያ ተሽከርካሪዋን እንደ አዲስ በመምረጥ ላይ ትገኛለች፤ የምትመርጠው ግን ሌሎች ለሌላ መንገድ ከነደፏቸው መካከል ነው።

እውነተኛው የመኪና አውደ ርእይም ቢሆን ከምናብ የራቀ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1938 የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል ‹ቢዊክ ዋይ ጆብ› የተባለውን መኪና አሠራ። መኪናው ለሽያጭ አልቀረበም፤ የተሠራው የሕዝብን ዓይን ለመፈተን ነበር። ለዛሬዎቹ አማተሮች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ይኸው ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1930 እስከ 1968 ያካሄደው የፊሸር ቦዲ የወጣት የእጅ ባለሙያዎች ውድድር ነው። ውድድሩ በመጀመሪያ የናፖሊዮንን ሠረገላ በትንሹ አስመስሎ መሥራትን ይጠይቅ ነበር፤ ከ1937 ጀምሮ ግን ተወዳዳሪዎች የራሳቸውን ምናባዊ መኪና በአንድ አሥራ ሁለተኛ መጠን እንዲቀርጹ ፈቀደ። ለአሸናፊዎች የኮሌጅ ትምህርት ወጪ ይሸፈንላቸው ነበር። በ1947 ያሸነፈው ቻርልስ ጆርዳን ከዓመታት በኋላ የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሷል። ውድድሩ ለወንዶች ልጆች ብቻ ክፍት እንደነበር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

ዛሬ የእንጨቱንና የሸክላውን ቦታ ኮምፒዩተር ወስዶታል። በዚህ ረገድ በአማተሮች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ካምሻፍት ሶፍትዌር ያዘጋጀው ‹ኦቶሜሽን› የተሰኘ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ዘመን ይመርጣል፤ ዘመኑ ከእ.ኤ.አ. 1946 ይጀምራል። ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ቁጥር፣ የሲሊንደሩን ስፋት፣ የፒስተኑን ምልልስ ርዝመት፣ የነዳጅ አገባቡን ይወስናል። ከሞተሩ በኋላ ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ በመጨረሻም የውጭ አካሉ ይመጣል። የተጠናቀቀውን መኪና ‹ቢም ኤንጂ› ወደተባለ የመንዳት ማስመሰያ ወስዶ ሊነዳው፣ ከግንብ ጋር አጋጭቶም ሊፈትነው ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ጨዋታው በሚከለክለው ላይ ነው። ሞተሩ ጉልበት ሲጨመርበት ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፤ ክብደት ለመቀነስ አሉሚኒየም ሲመረጥ ዋጋውና የማምረቻ ሰዓቱ ያሻቅባል፤ በ1950ዎቹ መኪና ላይ የ1990ዎቹን የነዳጅ መርጫ መግጠም አይቻልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አማተሮች የአንዱን ንድፍ ሲመረምሩ በቅድሚያ የሚያዩት ውበቱን አይደለም። ይህ መኪና የተሠራው ለማን ነው? በዘመኑ ይህን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ነበር ወይ? የፊት መብራቱ ቅርጽ ከተባለው ዓመት ጋር ይሄዳል ወይ? እያሉ ይጠይቃሉ። የመመረቂያ ጽሑፉን በመምህራን ፊት የተከላከለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። የኩባንያው የፈጠራ ታሪክም የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ ንድፉ የሚታሰርበትን ገደብ የሚሠራው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጄኔቫ የመኪና አውደ ርእይ በኮቪድ 19 ምክንያት ሲሰረዝ እውነተኞቹ ፋብሪካዎችም አዳዲስ መኪኖቻቸውን በበይነ መረብ መግለጥ ግድ ሆኖባቸዋል።

እንግዲህ መመዘኛው ገደብ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ የየትኛው አገር ገደብ የሚለው ነው። ዳንግላን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። የሞተር ጉልበት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለካው ግን ለባሕር ወለል በሚቀርብ የአየር ግፊት ነው። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በዳንግላ አስፋልት ላይ 80 ያህሉን ብቻ ይሰጣል። በሌላ በኩል አየሩ ሲሳሳ መኪናው ሲሮጥ የሚገፋው የአየር ግጭትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በሜዳ መንገድ ጉዳቱ ቀለል የሚለው፣ በዳገት ላይ ግን ጎልቶ የሚሰማው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር ስለማይስብ ከዚህ ጉድለት ነጻ ነው፤ ይሁንና የሚቀዘቅዘው በአየር ከሆነ ሳሳ ያለው አየር ሙቀቱን በሚገባ አይወስድለትም።

ጭነቱም እንዲሁ ነው። ለአንድ አካባቢ ከተነደፉ መኪኖች መካከል የፈረንሳዩ ሲትሮየን ‹ዴሽቮ› ጥሩ ማስረጃ ነው። ኩባንያው በ1930ዎቹ ለነዳፊዎቹ የሰጠው ትእዛዝ ሁለት ገበሬዎችን ከ50 ኪሎ ግራም ድንች ጋር ጭኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከሦስት ሊትር በላይ የማይጠጣ መኪና እንዲሠሩ ነበር፤ በታረሰ ማሳ ላይ ሲያልፍ የተጫነው እንቁላል እንዳይሰበርም ተጠይቋል። መኪናው ለሕዝብ የተገለጠው በ1948 በፓሪስ አውደ ርእይ ነው። ድንችና እንቁላል የሚሉት ቃላት ለአዊ አንባቢ እንግዳ አይሆኑም። የደጋው ገበሬ ድንች ያመርታል፤ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ዲከረንስ ተተክሎ ከሰሉ በጆንያ ወደ ገበያ ይወጣል። ሁለቱ ጭነቶች ግን ለነዳፊ ተቃራኒ ፈተና ናቸው። ድንች በአንድ ሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን የከሰል ክብደት በግምት የዚህ ሲሶ ነው። ለድንች የተሠራ መኪና ባሌስትራው መጠንከር አለበት፣ የጭነት ሳጥኑ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል፤ ለከሰል የተሠራው ግን ሰፊና ከፍ ያለ ሳጥን ይፈልጋል፣ ያ ሳጥን ደግሞ በነፋስና በጥምዝ ላይ ያንገዳግዳል። ሁለቱንም በየተራ የሚያነሣ ተሽከርካሪ ምን መምሰል አለበት? ይህ ጥያቄ የቀረበለት ምናባዊ አውደ ርእይ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በከተሞቻችን የሚርመሰመሰው ባጃጅም የሌላ አገር ችግር መልስ ነው። የዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ1948 ፒያጆ ኩባንያ ከጦርነት ለወጣችው ኢጣሊያ ወደሠራው ባለ ሦስት ጎማ ‹አፔ› ይደርሳል፤ ስሙ ደግሞ የሕንዱ አምራች ነው። መካኒኮቻችን ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ ሲሉ የሚናገሩት የኢጣሊያን ቃል ነው፤ መኪና ወደ እኛ የመጣው ተሠርቶ ብቻ ሳይሆን ስም ወጥቶለት ጭምር ነው። በአገር ውስጥ የመገጣጠም ሙከራ አልጠፋም። ሆላንድ ካር ከቻይናው ሊፋን የገጣጠመውን መኪና ‹ዓባይ› ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግም እ.ኤ.አ. በ2020 ኤሌክትሪካዊውን ሃዩንዳይ አዮኒክ ገጣጥሟል። በሁለቱም ንድፉ የመጣው ከውጭ ነው።

ስሙ ዓባይ የሆነ መኪና የዓባይን በረሃ እንዴት ይወጣዋል ብሎ መጠየቅ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱን በግምት 1400 ሜትር፣ የመንገዱን ርዝመት 20 ኪሎ ሜትር ብንወስድ፣ 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በመውረዱ ብቻ 5.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቅቃል። ጎማው ከመንገዱ ጋር በሚያደርገው መንከባለል ከዚህ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይባክናል፤ በዝግታ ለሚወርድ መኪና አየሩ የሚወስደው ጥቂት ነው። የቀረው አራት ተኩል ያህል የት ይሂድ? በነዳጅ መኪና መልሱ የታወቀ ነው፦ የሞተሩ ማርሽና የሚያቃጥል ሽታ ያለው ፍሬን። የኤሌክትሪክ መኪና ግን አብዛኛውን ወደ ባትሪው ሊመልሰውና ለዳገቱ ሊያቆየው ይችላል። አንድ እንቅፋት ግን አለ። መኪናው ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ባትሪውን ሞልቶ ከተነሣ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚነድፍ ሰው ወይ ባትሪው ከአፋፉ በፊት እንዳይሞላ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት፣ ወይ ከተለመደው የጠነከረ ፍሬን ማሰብ አለበት። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው ደጀን ላይ ይሁን ወይስ ከድልድዩ አጠገብ የሚለውም በዚሁ ስሌት የሚወሰን ነው፤ እኔ ብጠየቅ ከድልድዩ አጠገብ የሚለውን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለውን ንድፍ ለሕዝብ የማሳየት ባህል ለአዊ ባዕድ አይመስለኝም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ባለቤቱ ያጌጠ ፈረሱን ዐዋቂ በሆነ ሕዝብ ፊት የሚያቀርብበት መድረክ ነው፤ ተመልካቹ ጌጡን ብቻ ሳይሆን አረማመዱንና የጋላቢውን አያያዝም ይመዝናል። ምናባዊ አውደ ርእይ በአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች ቢዘጋጅ የመጀመሪያው ችግር መሣሪያው ነው። ብሌንደር የተባለው የሥዕልና የቅርጽ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ምንጨ ኮዱም ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። ነገር ግን አንድ ጥራት ያለው ምስል ለማውጣት ደካማ ኮምፒዩተር ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በመሐል መብራት ከጠፋ ሥራው እንደገና ነው። በዚህ ሁኔታ በምስል ጥራት የሚሸልም ዳኛ የሚሸልመው ኮምፒዩተሩን ይሆናል። እኔ የምደግፈው ተወዳዳሪው ከሥዕሉ አስቀድሞ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ነው፦ መኪናው በየትኛው መንገድ፣ ምን ጭኖ፣ በስንት ብር፣ ማን ይጠግነዋል? ነጥቡ ከግማሽ በላይ በዚህ ገጽ ላይ ይሰጥ፤ ሥዕሉ በእርሳስ የተሠራ ቢሆንም ይቀበሉት።

የሽቦ መኪና የሠራ ልጅ ይህን ገጽ ሳይጽፈው ያውቀዋል። ጎማው ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ነው፣ አካሉ የጣሳ ቆርቆሮ። መሪው ግን ከመኪናው ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ነጂው የሚነዳው ቆሞ፣ ከኋላ እየሮጠ ነውና።