አክሲዮን ሲወደድ ኪሣራ የሚያሳየው ብድር

ወደ አክሲዮን ሊለወጥ የሚችል ብድር የወሰደ ኩባንያ የአክሲዮኑ ዋጋ በወጣበት ዓመት ኪሣራ ሊያሳይ ይችላል። ምክንያቱ ውሉ ውስጥ ለአበዳሪው የተሰጠው የመለወጥ መብት ነው።

አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባስገባው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ መሠረት፣ ቁርጥ ያለ ብር በቁርጥ የአክሲዮን ብዛት የሚለወጥ ከሆነ መብቱ ከካፒታል ይመደባል፤ ዋጋውም በየዓመቱ አይከለስም። ብድሩ በዶላር ሲሆን ግን፣ ሥራውን በብር ለሚያካሂድ ኩባንያ የዕዳው የብር መጠን ከምንዛሪ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ መብቱ ዴሪቬቲቭ የሚባል ዕዳ ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል። ሂሣብ በተዘጋ ቁጥር በጊዜው ዋጋ ይተመናል፤ ልዩነቱም ትርፍና ኪሣራ ውስጥ ይገባል። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ለምሳሌ ውሉ ሲፈረም 20 ሚሊዮን ብር የተገመተው መብት ዓመቱ ሲዘጋ 50 ሚሊዮን ቢደርስ፣ 30 ሚሊዮኑ ኪሣራ ተብሎ ይጻፋል። ከንግዱ 25 ሚሊዮን ያተረፈው ኩባንያ ከግብር በፊት 5 ሚሊዮን ከስሮ ይታያል። ለዚህ ሲባል ግን ከካዝናው ሳንቲም አልወጣም። የአክሲዮኑ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ገንዘብ ያልገባበት ትርፍ ሊመዘገብ ይችላል።

ሆኖም ኪሣራው ባዶ ቁጥር አይደለም። አበዳሪው አክሲዮኑን ከገበያ ባነሰ ዋጋ ሲወስድ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ይሳሳል። ስለዚህ ገዢም ሆነ ሻጭ ከመዋዋሉ በፊት ከትርፉ መስመር አልፎ የሂሣብ ማብራሪያውን፣ የመለወጫውን ዋጋና የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ቢመለከት ይበጀዋል።