ባርኔጣው ወረደ፣ ጭንቅላቱ ተረፈ

ኦገስት 9 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ ግሪንዊች ፓርክ። በኦሎምፒኩ የፈረስ ስፖርት ሜዳ ዙሪያ የተሰበሰበው ተመልካች ጭጭ ብሏል። እዚህ እንደ ስታዲየም ጡሩምባ መንፋትና መጨፈር የለም፤ ፈረሱ እንዳይደነብር ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው። ውድድሩ ድሬሳዥ ይባላል። ፈረሱ ሙዚቃውን ተከትሎ ይራመዳል፣ ባለበት ይረግጣል፣ በሰያፍ ይሄዳል፣ ይሽከረከራል። ዳኞቹ ደግሞ እያንዳንዷን እርምጃ እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ።

ወደ ሜዳ ከገቡት ጋላቢዎች የአብዛኞቹ አለባበስ አንድ ዓይነት ነበር። ኋላው እንደ ጭራ የወረደ ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሱሪ፣ ነጭ የአንገት ጨርቅ፣ ነጭ ጓንት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ፣ ከላይ ደግሞ በድሮ ፊልም የእንግሊዝ ጌቶች ደፍተውት የምናየው ረጅሙ ጥቁር ባርኔጣ። "ቫሌግሮ" በተባለው ፈረስ ላይ ሆና የገባችው የ27 ዓመቷ እንግሊዛዊት ሻርሎት ዱጃርዲን ግን ሌላውን ሁሉ አሟልታ ባርኔጣውን ትታዋለች። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ሄልሜት ነው።

ዱጃርዲን በዚያ ቀን 90.089 በመቶ ነጥብ ሰብስባ ወርቁን ወሰደች። ከሁለት ቀን በፊት በቡድን ካገኘችው ጋር ሲደመር ሁለተኛ ወርቋ ነበር። የስፖርቱ ወዳጆች ግን ከነጥቡ ሌላ ሄልሜቱንም ልብ ብለውታል። ልጅቷ ሄልሜት የምታደርገው ወዳ አይደለም። በ2009 ከፈረስ ወድቃ የራስ ቅሏ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሄልሜት ፈረስ ላይ አትወጣም።

"አንድ ቆብ ይህን ያህል ምን ያስወራል?" የሚል የኳስ ተመልካች ካለ ፒተር ቼክን ያስታውስ። የቼልሲው ግብ ጠባቂ በኦክቶበር 2006 ከሬዲንግ ጋር ሲጫወቱ የራስ ቅሉ ተሰብሮ፣ በጃንዋሪ 2007 ሲመለስ እንደ ራግቢ ተጫዋች ጭንቅላቱን ሸፍኖ መጣ። ያንን ጥቁር መከላከያም በ2019 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ አላወለቀም። ልዩነቱ፣ ኳስ ውስጥ ቼክ ያወረደው አንድም የቆየ ባርኔጣ አልነበረም። በእንግሊዞች የፈረስ ዓለም ግን ሄልሜት መልበስ ማለት የአያት የቅድመ አያት ባርኔጣን ማውረድ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ልብስ ሥራ ነበረው

የእንግሊዞች የፈረስ ልብስ ብዙው ነገሩ ከቀበሮ አደን የመጣ ነው። ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምሮ የብርዱን ወራት ሙሉ ጌታውም ገበሬውም ፈረሱን ጭኖ አዳኝ ውሾችን እየተከተለ አጥርና ቦይ ሲዘል ይውል ነበር። ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ መውደቅም ነበር። ዛሬ ለውበት የሚመስለን ልብስ ያኔ የሥራ ልብስ ነበር።

ነጩን የአንገት ጨርቅ እንውሰድ። ረጅም ነው፤ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይታሰርና በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ሜዳ ላይ ሰው ወይም ፈረስ ከቆሰለ ተፈትቶ ቁስል ይታሰርበታል፤ ክንድ ከተሰበረም በእሱ ይንጠለጠላል። የመርፌ ቁልፉ ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚተኛው። ወደ ታች ከቆመ ጋላቢው ሲወድቅ ደረቱ ላይ ሊሰካ ይችላልና ነው።

ጅራፉም ፈረስ ለመግረፍ ብቻ የተያዘ እንዳይመስላችሁ። እጀታው ጫፍ ላይ ከቀንድ የተሠራ መንጠቆ አለ፤ ጋላቢው ሳይወርድ የእርሻ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው በእሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ የቆዳ ጓንት ልጓሙ ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከክር የተሠራ ትርፍ ጓንት ኮርቻው ማሰሪያ ስር ተሸጉጦ ይኬዳል። ቦት ጫማው በአጋዘን እግር አጥንት እየታሸ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል።

ቀዩ ኮት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ቀለሙ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ሳለ እነሱ "ፒንክ" ይሉታል። ፒንክ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር የሚል ወሬ አለ፤ ሰውየው ስለመኖሩ ግን እስካሁን ማስረጃ አልተገኘም። የኮቱ ቁልፎች ላይ የማኅበሩ ምልክት ይቀረጻል። ምልክቱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ አይሰፋውም፤ የአደኑ አለቃ "አንተ ከእኛ ነህ" ብሎ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከተስፋ ቡድን አድጎ የዋናውን ቡድን ማልያ እንደመልበስ ማለት ነው።

ሁሉም ነገር ግን ከእንግሊዝ አልመጣም። ጉልበት ላይ ጠበቅ፣ ጭን ላይ ሰፋ ያለው "ጆድፐር" የሚባለው የጋላቢ ሱሪ ስሙን ያገኘው ከህንዷ ከተማ ከጆድፑር ነው። የከተማዋ መስፍን ሰር ፕራታፕ ሲንግ በ1897 የንግሥት ቪክቶሪያን 60ኛ የንግሥና ዓመት ለማክበር የፖሎ ቡድን ይዘው ለንደን ሲገቡ እንግሊዞቹ ሱሪያቸውን አይተው ቀሩበት።

የሴቶቹ ልብስ ታሪክ ከሁሉም የመረረ ነው። በድሮው ወግ ሴት ሁለት እግሯን ባንድ ወገን አድርጋ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ነበር የምትጋልበው። ስትወድቅ ቀሚሱ የኮርቻው ቀንድ ላይ ይያዝና ፈረሱ እየጎተታት ይሮጣል። በዚህ ብዙ ሴቶች ስለተጎዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲያዝ የሚለቅ ቀሚስ ፈጠሩ። ሰው እየሞተ ልብስ ሲለወጥ ያኔም የመጀመሪያው አልነበረም።

ሹሩባና ጥብጣብ

ጋላቢው ለብሶ ሲጨርስ ገና ግማሹ ነው ያለቀው፤ ፈረሱም መልበስ አለበት። እዚህ ላይ ስሙ የማይነሳው የፈረስ ጠባቂ ይመጣል። ጎህ ሳይቀድ ጋጣ ገብቶ ገላውን በብሩሽ ያበጥራል፣ ከሣር በተጠቀለለ ጉንጉን እያሸ ጡንቻውን ያፍታታል፣ ሰኮናውን ይጠርጋል፣ ዘይት ይቀባል። ታፋው ላይ በማበጠሪያ ፀጉሩን ወዲያና ወዲህ እያስተኛ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ጥለት ያወጣል።

ከዚያ ሹሩባው አለ። ጋማው በቀኝ ወገን ተከፋፍሎ ይጎነጎንና እየተጠቀለለ በክር ይሰፋል። የድሮ ሰዎች አንገቱ ላይ ያለው ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን ይላሉ፤ ሰባት ወይም ዘጠኝ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ሳይቆጠር። ዓይን ማታለልም አለበት። አንገቱ አጭር የሆነ ፈረስ ሹሩባው ቀጠን ብሎ ከበዛለት ረዘም ብሎ ይታያል። ዋናው ምክንያት ግን ጋማው ከልጓሙ ገመድ ጋር እንዳይጠላለፍ ነው።

ጭራው ደግሞ ይናገራል። ቀይ ጥብጣብ ከታሰረበት "ይህ ፈረስ ይራገጣል፣ ከኋላው ራቁ" ማለት ነው፤ ቢጫ ካርዱን አስቀድሞ አይቶ እንደገባ ተጫዋች። አረንጓዴ ከሆነ "ገና ልጅ ነው፣ ልምድ የለውም" ነው። ፈረስ ላይ በግራ በኩል መውጣትም የድሮ ወታደሮች ወግ ነው። ሰይፍ የሚታጠቀው በግራ ስለሆነ በቀኝ ልውጣ ያለ በገዛ ሰይፉ ይጠለፋል። ሰይፉ ከቀረ ዘመን የለውም፣ ወጉ ግን አለ።

በእንግሊዝ የእሽቅድምድም ሜዳዎች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በዳኛ የሚሰጥ አንድ ሽልማት አለ፦ በደንብ ለተዘጋጀ ፈረስ። ገንዘቡ ለባለቤቱም ለጆኪውም አይደለም፤ ለፈረስ ጠባቂው ነው። በኳስ ቢሆን ከጨዋታ በፊት የትጥቅ ያዡን ስም ጠርቶ እንደመሸለም ነው።

ማልያና ፈረስ

የኳስ ሰው ስለ ማልያ ሲከራከር የፈረስ ሜዳን ማስታወስ አለበት። በኦክቶበር 1762 በኒውማርኬት የተሰበሰበው የጆኪ ክለብ፣ ሩጫው ላይ ፈረስ ከፈረስ አልለይ ብሎ ስላስቸገረ እያንዳንዱ ባለ ፈረስ ለጆኪው የራሱን ቀለም እንዲመርጥ ወሰነ። ያኔ 19 ሰዎች ቀለማቸውን አስመዘገቡ፤ ከእነሱ ሰባቱ መሳፍንት ነበሩ። የዴቮንሻየሩ መስፍን የመረጡት የገለባ ቀለም ከእነዚያ ውስጥ እስከዛሬ ድረስ ይለበሳል። "ደርቢ" የሚለው ቃል ራሱ በ1780 በኤፕሰም ከተጀመረውና በደርቢው ጌታ ከተሰየመው የፈረስ ሩጫ ወደ ኳስ እንደገባ በብዙዎች ይነገራል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የስኮትላንድ ነገር ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ወዳጅ የነበሩት ሎርድ ሮዝቤሪ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩባቸው በ1894ና በ1895 ፈረሶቻቸው በተከታታይ ደርቢን ያሸነፉላቸው ሰው ናቸው። የጆኪዎቻቸው ቀለም ፈዛዛ ቢጫና ሮዝ ነበር። ስኮትላንድ ሰማያዊዋን እያስቀመጠች አንዳንድ ጊዜ በዚህ በፈረሰኛ ቀለም ትጫወት ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 1900 ግላስጎው ላይ በሴልቲክ ፓርክ ይህንኑ ለብሳ እንግሊዝን 4 ለ 1 ረመረመቻት፤ አር ኤስ ማኮል ሦስቱን አገባ። በ2014 ቀለሙ በሁለተኛ ማልያዋ ላይ ተመልሶ መጥቷል። እዚህ "ፈረሰኞቹ" እያለ የሚዘምረው የጊዮርጊስ ቲፎዞ፣ ፈረስ ማልያ ላይ መቀመጡ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይችላል።

ባርኔጣውን ያወረዱት

አሁን ወደ ጭንቅላት እንመለስ። ሰው የረሳው አንድ ነገር አለ፤ የድሮው ባርኔጣ ራሱ ሄልሜት ለመሆን ነበር የተሠራው። በ1849 ኤድዋርድ ኮክ የተባሉ ባለርስት ለንደን ወደሚገኘው የሎክ ባርኔጣ ቤት ሄደው፣ ፈረስ ላይ ሆነው የአደን ቦታቸውን የሚጠብቁ ሠራተኞቻቸውን የዛፍ ቅርንጫፍ እንዳይመታቸው ጠንካራ ባርኔጣ አዘዙ። የተሠራላቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት ጊዜ ረገጡት፣ አልተጨፈለቀም፣ ገዙት ይባላል። ቦውለር የሚባለው ክብ ባርኔጣ ይኸው ነው። ቆይቶ የባንክ ቤት ሰዎች መለያ ሆነ እንጂ ሲወለድ የፈረሰኛ መከላከያ ነበር።

ባርኔጣ ግን ከቅርንጫፍ ቢያድን ከሰኮና አላዳነም። በ1923 ትልቁን የግራንድ ናሽናል ውድድር "ሰርጀንት መርፊ" በተባለ ፈረስ ያሸነፈው ካፒቴን ቤኔት፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዎልቨርሃምፕተን ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ፈረስ ረገጠው። በጃንዋሪ 1924 ሞተ። በዚያው ዓመት መሰናክል የሚዘሉ ጆኪዎች ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ ግዴታ ሆነ።

ድሬሳዥ ግን "እኛ አንዘልም፣ አንሮጥም" ብሎ ባርኔጣውን ይዞ ቀረ። ይህን ያናወጠችው በቤጂንጉ የ2008 ኦሎምፒክ ለአሜሪካ የጋለበችው ኮርትኒ ኪንግ ዳይ ናት። በማርች 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለች ፈረሱ ተደናቅፎ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገችም ነበር። የራስ ቅሏ ተሰብሮ አንድ ወር ያህል ራሷን ሳታውቅ ቆየች፤ ከነቃች በኋላ መራመድና መናገርን እንደ ሕፃን ከሀ ጀመረች። ፈረሱ ክፉ አልነበረም፣ እሷም ጀማሪ አልነበረችም። ተደናቀፈ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ጋላቢዎች ሄልሜት እንዲያደርጉ መቀስቀስ ሥራዋ ሆነ።

ክርክሩ ግን ባንዴ አላለቀም። "አዋቂ ሰው ለራሱ ይወቅበት፣ ባርኔጣው የስፖርቱ ክብር ነው" የሚሉ ትልልቅ ጋላቢዎች ነበሩ። ንግሥት ኤልሳቤጥም እስከ እርጅናቸው ድረስ ሻርፕ አስረው ነው የጋለቡት፤ በጁን 1981 በሰልፍ ላይ አንድ ወጣት ስድስት ባዶ ጥይት ሲተኩስ፣ ሁለት እግራቸውን ባንድ ወገን አድርገው ተቀምጠው የደነበረውን ፈረሳቸውን ያረጋጉ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለሚያይ ሕዝብ "ሄልሜት አድርግ" ማለት ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2019 ወስኖ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ አደረገው። በሪዮ ኦሎምፒክ በረጅሙ ባርኔጣ የታየችው ጀርመናዊቷ ኢዛቤል ቬርት በ2021 ቶኪዮ ላይ የመጣችው በሄልሜት ነው። ሄልሜቱም ብር ሜዳልያ ከማግኘት አላገዳትም።

ልብስ ሁሉን እንደማይነግር ደግሞ በጁላይ 2024 ታይቷል። ያችው ዱጃርዲን በልምምድ ላይ የፈረስ እግር ደጋግማ በጅራፍ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣባትና ከፓሪስ ኦሎምፒክ ራሷን አገለለች፤ ይቅርታ ጠየቀች፣ የአንድ ዓመት ቅጣትም ተላለፈባት። የጭንቅላት ደኅንነትን በማሳየት ፊት የቀደመችው ጋላቢ የፈረሱን ደኅንነት ዘነጋች። ሹሩባው ያማረ፣ ሰኮናው ያበራ ፈረስ ጋጣ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ከሜዳ ሆኖ አይታይም።

ዛሬም ነጩ ጨርቅ ይታሰራል፣ መርፌ ቁልፉ ወደ ጎን ይተኛል፣ ጋማው ይጎነጎናል፣ ጠባቂው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ከዓለም አቀፍ ውድድር የቀረው ባርኔጣው ብቻ ነው። ኤድዋርድ ኮክ ባርኔጣቸውን ሁለቴ ረግጠው የፈተኑት ጭንቅላት ያድን እንደሆነ ለማየት ነበር። ረጅሙ ባርኔጣ ያን ፈተና አላለፈም።