ዝናቡን ሸሽተን በር ስንዘጋ

 

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ ጠዋት ብራ ሆኖ ይውልና ከቀትር በኋላ ድንገት ይጠቁራል። ነፋሱ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያጎነብሰዋል፤ ከዚያ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም፣ በየቡም፣ በሰቃም ያው ነው። የቡና ለቀማው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ ወቅቱ ሴቶች ተጠራርተው መርፌና ክር የሚያነሱበት ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ የሐምሌ ቀን እኛም አምስት ጓደኛሞች በአንዳችን ቤት ተሰበሰብን። የተሰበሰብነው ድሪቶ ልንሰፋ ነበር። ድሪቶ ሲባል የችግር ልብስ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የእኛው ግን ከልብስ ሰፊ ቤት የተለቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጋጥሞ፣ መሐሉ ጥጥ ገብቶበት፣ ለሚወለድ ሕፃን የሚዘጋጅ ብርድ ልብስ ነበር። ከመካከላችን አንዷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረችና።

ዙህር ሰግደን ሥራ ጀመርን። ከሰሉ ተያይዞ ጀበናው ተጣደ፤ ዕጣኑም ተጨመረ። አቦሉ ሲቀዳ ወጨፎው መጣ። ጨርቃችን እንዳይረጥብ በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በአሮጌ ጨርቅ የደፈንኩት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ።

በዚያው ሰዓት ኩዌት የምትሠራው የአንዷ ጓደኛችን እህት ደወለች። እዚያ ደግሞ በበጋቸው ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የበረሃውን አቧራ አንስቶ ሰማዩን አጨልሞታል። «እኛም በርና መስኮት ዘግተን ተቀምጠናል» አለችን። እነሱ በአቧራ፣ እኛ በዝናብ መታሰራችንን እያነሳን ሳቅን።

ቶናው ሲቀዳ ነፍሰ ጡሯ ጓደኛችን ራሷን አመማት። መርፌ ላይ አፍጥጣ ነው ተባለ። እኔም፣ መድኃኒት ቤት የምውለው ሴት፣ ከቦርሳዬ ፓራሲታሞል አውጥቼ ሰጠኋት። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ አቅለሸለሸኝ አለች። ሦስተኛዋ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ያን ጊዜ ነቃሁ። አንድ ሰው ራሱን ቢያመው ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ሰዓት ሲያማቸው ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አየሩ ነው።

በሩን በርግደን እየተደጋገፍን ዝናቡ ወደሚመታው በረንዳ ወጣን። ነፍሰ ጡሯን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል አደረስናትና ኦክስጅን ተሰጣት።

ከሰሉ ምን አደረገን?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ስለዚህ «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ከእንግዲህ አይጎዳም» የሚለው አባባል የተሳሳተ ነው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ማስገባት ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያስቀረውም። ዕጣንም ቢሆን ለሽታ እንጂ ለዚህ ጋዝ መከላከያ አይሆንም።

ጋዙ ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ግን ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መምታታት ይከተላል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ንጹሕ አየር ላይ ከወጣን በኋላም ቢሆን በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ይህ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

በማሕፀን ያለ ፅንስ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል። እናቲቱ ደኅና ነኝ ብትል እንኳ ሳትመረመር ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም። የደም ማነስ ያለባትም ሴት ቶሎ ትጠቃለች። በዚህ አጋጣሚ፣ የአይረን እንክብል የምትወስዱ እህቶች እንክብሉን ከቡና ጋር አትዋጡት። ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ በመካከላቸው ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይራቅ።

ከዚህ ጋዝ ሌላ የማገዶና የከሰል ጭስ በየቀኑ ሳንባን ይጎዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ከእነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ።

በር የሚዘጋው መቼ ነው?

የኩዌቷ እህታችን ዘግታ መቀመጧ ትክክል ነበር። የአቧራ ነፋስ ሲነሳ፣ በተለይ አስም ላለበት ሰው፣ ቤትን መዝጋት፣ የሚተነፍሰውን መድኃኒት አጠገብ ማድረግና መውጣት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን ያስፈልጋል። ይሁንና እዚያም ቤት ውስጥ ከሰል ከነደደ መዝጋቱ መርዝ ይሆናል። ጠላቱ ውጭ ሲሆን በር ይዘጋል፤ ጠላቱ ከውስጥ ሲሆን በር ይከፈታል።

ምን እናድርግ?

1. ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ወይም ከቤት በተለየ ማድ ቤት ይሁን። ዝናብ ካስቸገረ የፈላውን ጀበና ይዞ መግባት፣ ከሰሉን ግን ውጭ መተው ነው።

2. ከሰሉ የግድ ቤት ከገባ በርና መስኮት በተቃራኒ አቅጣጫ ይከፈቱ። ለሰፊዎች የተከፈተ መስኮት ብርሃንም ስለሆነ ዓይንን ከልፋት ያድናል።

3. አሮጌ ጨርቅ ከመሰፋቱ በፊት ውጭ ይራገፍ፣ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው። በተዘጋ ቤት ሲራገፍ ብናኙ አስም ይቀሰቅሳል።

4. ለሙቀት ብላችሁ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እሳት በቤት ውስጥ ትተን እንዳንተኛ መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ሰው ከተመታ

በመጀመሪያ በሩን ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ በፍጥነትም ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም አድርሱት። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተትና ውኃ መርጨት ጋዙን ከደም አያወጡም። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መስጠት እንዲያውም ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ሐኪሙንም ከሰል ይነድ እንደነበር ንገሩት፤ ካልተነገረው ሕመሙን ከሌላ ሊያምታታው ይችላል።

አልሐምዱሊላህ፣ ጓደኛችን ጊዜዋ ደርሶ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ያ ድሪቶ ያለቀው በመስከረም፣ በረንዳ ላይ ነው። አንደኛው ጥግ በዚያ የሐምሌ ዝናብ ስለራሰ የቀዩ ጨርቅ ቀለም በነጩ ላይ ወርዷል። ፍቺ ያለችኝ ነበረች፤ ሕፃኑ አድጎ ሲጠይቅ እናቱ እንድትነግረው ብለን እንዳለ ተውነው።

አላህ ቤታችሁን ይጠብቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም።