የባሌ ተራሮች ጉዞ፦ መቼ እንሂድ? የትስ እንደር?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍልም በምግብ አዳራሽም ወሬው አንድ ሆኗል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ። ከፊሎቻችን «ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይሁን» ስንል፣ ከፊሎቻችን «በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ጥር ላይ ይሻላል» እንላለን። «ድንኳኑን ሳነቴ አምባ ላይ እንትከል» የሚሉም አልጠፉም። ወጪው ከየኪሳችን የሚወጣ፣ የጓደኞቻችንንም ጤና የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ፣ አንብበንና ጠይቀን የደረስንበትን እነሆ።

በመጀመሪያ ጊዜውን እንመልከት። በሐምሌና በነሐሴ ተራራው ዝናብና ጉም ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ድንኳን ይበሰብሳል፣ ቀይ ቀበሮንም በጉም ውስጥ ማየት ያስቸግራል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለሆነ የጥሩ እረፍት ይመረጣል። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳያታልለን! እኛ ሄርማታ ላይ ብርድ ስንል ክረምትን እናስባለን። ተራራ ላይ ግን የሌሊቱ ብርድ የሚብሰው በበጋ ነው። ምክንያቱም ደመና እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይይዛል፤ ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። በዚያ ላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማደሪያው ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቀን ከፍ እንበል፣ ሌሊት ዝቅ ብለን እንደር።

ይኸውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ፣ 3,100 ሜትር አካባቢ እናድራለን። የደጋ አጋዘንን እዚያው እናያለን። በሦስተኛው ቀን በጎባ በኩል በመኪና ሳነቴን ወጥተን፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን አይተን፣ ሳይመሽ በማዶ ወደ ሐረና ደን እንወርዳለን። እዚያ ካቻ የሚባለው ማደሪያ ከአምባው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

ድንኳን ሲተከልም ቦታ ይመረጣል። ከዚህ በፊት በአንድ ጉዞ «ውሃ ቅርብ ነው» ብለን ጅረት ዳር ሰርጥ ውስጥ ተከልን። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሰርጥ ይወርዳል፤ ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ አደርን። አንድ ጓደኛችን ታሞ የማስተማር ልምምዱ ሳምንት አመለጠው። ስለዚህ ከሰርጡ ከፍ፣ ነፋስ ከሚመታው ጉብታ ደግሞ ዝቅ ያለ ደልዳላ ቦታ ይፈለግ። ለማገዶ አስታ አይቆረጥም፤ የላምባ ምድጃ ይያዝ። ብርድ ልብሱን ከሐሙስ ገበያ መግዛት ይቻላል።

በመጨረሻም፣ ራሱን የሚያመው ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ከዚያ በላይ አይውጣ። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረድ። እዚህ ላይ «እችለዋለሁ» ማለት ጉብዝና አይደለም። አጠገቡ ያለውም ዝም አይበል!

የሐረና ደን ዝቅ ባለው ክፍል ቡና እንደ እኛው አገር ጫካ ውስጥ በራሱ ይበቅላል። ያንን ሁላችንም በጤና ደርሰን እንድናየው፣ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁ በዝግጅት ክፍሉ ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን።