ዓይን የማይለካው ብርሃን፦ በኑረንበርግ ከታዩት የኮራል ገንዳ መሣሪያዎች

በጀርመን አገር በኑረንበርግ ከተማ በየሁለት ዓመቱ «ኢንተርዙ» የተባለ የንግድ ትዕይንት ይካሄዳል። በቤት ውስጥ ለሚያዙ እንስሳት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ከውሻ ምግብ እስከ ወፍ ጎጆ ድረስ፣ የሚቀርብበት ሲሆን በሩ የሚከፈተው ለነጋዴዎችና ለሙያው ሰዎች ነው። እኛም በቀድሞ የትምህርት ጓደኛችን ግብዣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የተካሄደውን ለመጎብኘት በቅተናል። የውሻውን አዳራሽ በፈጣን እርምጃ አልፈን ጊዜያችንን ያሳለፍነው የጨው ውኃ አኳሪየም ዕቃዎች በተደረደሩበት ክፍል ነበር። አንድ ሰው በሳሎኑ ውስጥ ኮራልን በሕይወት ለማቆየት ሲነሣ፣ ባሕር ያለ ዋጋ የሚያከናውነውን ሥራ ሁሉ በኤሌክትሪክ ኃይል መተካት ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ ከሞላ ጎደል የፊዚክስ ጉዳይ ነው።

ለአንባቢ እንዲመች ስለ ኮራል ጥቂት እንበል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም በፎቶሲንተሲስ ከሚያዘጋጁት ስኳር አብዛኛውን ለአስጠጊያቸው ያካፍላሉ። ስለዚህ ለኮራል ብርሃን ማለት ምግብ ማለት ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ከመጠን ሲያልፍበት ግን አልጌዎቹን ከሰውነቱ ያስወጣና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ መንጣት ይባላል፤ ከቆየም ሞትን ያስከትላል። ትዕይንቱ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2024፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በዓለም ባሕሮች ላይ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሠቱን አስታውቆ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የሚያንጸባርቁትን ኮራሎች ስንመለከት ይህ ዜና ከአእምሮአችን አልራቀም።

መጀመሪያ የገጠመን የአረፋ ማጣሪያ ነው፤ ሰዎቹ «ስኪመር» ይሉታል። ከታች አየር በደቃቅ አረፋ መልክ ወደ ቱቦ ይገባል፤ በውኃው ውስጥ የሟሙት ፕሮቲኖችና መሰል ቆሻሻዎች አንዱ ጫፋቸው ውኃን ስለሚሸሽ በአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያም እንደ ቢራ አረፋ ወደ ላይ ወጥተው ጥቁር ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ሆነው በጽዋ ይጠራቀማሉ። ምሥጢሩ ያለው በአረፋው መጠን ነው። አንድ ሊትር አየር 5 ሚሊሜትር ስፋት ወዳላቸው አረፋዎች ቢከፋፈል የገጻቸው ድምር 1.2 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 0.5 ሚሊሜትር ወዳላቸው ቢከፋፈል ግን 12 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የአንድ መለስተኛ ክፍል ወለል ያህል ይደርሳል። በዳሶቹ የተደረደሩት አዳዲስ ሞዴሎች ቅርጻቸው ቢለያይም ፉክክራቸው በዚሁ ነው። መሣሪያው በጨው ውኃ እንጂ በወንዝ ውኃ በደንብ የማይሠራውም ጨው አረፋዎች እርስ በርሳቸው እንዳይዋሐዱ ስለሚከለክል ነው። አንባቢ ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል፦ በሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች ውኃ ይሙላ፣ ግን እስከ አፋቸው አይሁን፤ በአንዱ 35 ግራም ያህል ጨው ይጨምርና ያሟሟ፤ ከዚያም ሁለቱን እኩል አናውጦ ወዲያው በብርሃን ፊት ይያቸው።

ፓምፖቹ ላይ ብዙ አንቆይም። ኮራል ከአንድ ስፍራ ስለማይንቀሳቀስ በሰውነቱ ዙሪያ የሚረጋውን ስስ የውኃ ንጣፍ የሚያስወግድለት ሞገድ ያሻዋል። ብልኆቹ ፓምፖች ውኃውን በጉልበት ከመግፋት ይልቅ ዥዋዥዌ እንደሚገፋ ልጅ ጊዜውን ጠብቀው ይገፋሉ፤ 1.2 ሜትር ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው ገንዳ ትክክለኛው ጊዜ በስሌት 1.3 ሰከንድ ያህል ነው። በዚህ ሬዞናንስ አነስተኛ ፓምፕ መላውን ገንዳ ያወዛውዛል።

ዋናው ጉዳይ ግን መብራቱ ነው። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ጥልቀት ውስጥ ሲውጠው ሰማያዊው ጠልቆ ይወርዳል፤ የኮራል አልጌዎችም በዚሁ ሰማያዊ ብርሃን መጠቀምን የለመዱ ናቸው። ቀደም ባሉት ዓመታት ለዚህ ተግባር 250 ወይም 400 ዋት የሚጠጡ የሜታል ሃላይድ አምፖሎች ይሰቀሉ ነበር፤ ሙቀታቸው ከመብዛቱ የተነሣም ብዙ ጊዜ ውኃውን የሚያቀዘቅዝ ሌላ መሣሪያ ይጠይቁ ነበር። ይህን የለወጠው ሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ነው። የ450 ናኖሜትር ፎቶን 2.76 ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ይይዛል፤ ይህን ያህል ሰፊ የኢነርጂ ክፍተት ያለውን ጋሊየም ናይትራይድን ጥራቱን በጠበቀ ክሪስታል ማብቀል ለብዙ ዓመታት አስቸግሮ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ችግሩን በመፍታታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በአዳራሹ የነበሩት ማሳያ ገንዳዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ሰማያዊ ተጥለቅልቀው ነበር። ብዙ ኮራሎች ሰማያዊውን ውጠው አረንጓዴና ብርቱካንማ ብርሃን የሚያወጡ ፕሮቲኖች ስላሏቸው እንደ ፍም ይግላሉ። ዕይታው ያስደንቃል፤ ለገዢ ግን በእኛ አስተያየት ወጥመድ ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃው ለ555 ናኖሜትር ሲሆን፣ ለ450 ናኖሜትር ያለው ንቃት ከዚያ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። እኛ ደብዛዛ ያልነው መብራት ለአልጌው የቀትር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን አምኖ መብራቱን ከፍ ያደረገ ሰው ኮራሉ በቀናት ውስጥ ሲነጣ ይመለከታል። በአንድ ዳስ ቆመን መብራቱ ስንት ፎቶን እንደሚሰጥ ብንጠይቅ ሻጩ በትሕትና ስንት ዋት እንደሚጠጣ ነገረን!

ስለዚህ ከታዩት ዕቃዎች ሁሉ የወደድነው፣ ማንም ሳይከበው በአንድ ጥግ የተቀመጠውን፣ በውኃ ውስጥ የሚነከር የፎቶን መለኪያ ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ማይክሮሞል ፎቶን እንደሚያርፍ ይቆጥራል። በሐሩር ክልል የቀትር ፀሐይ 2,000 ያህል ይሰጣል፤ በገንዳ ውስጥ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ድንጋያማዎቹ ከ200 እስከ 350 ይበቃቸዋል። የቀድሞዎቹ ርካሽ መለኪያዎች ለፀሐይና ለፍሎረሰንት መብራት የተስተካከሉ ስለነበሩ ሰማያዊውን አሳንሰው ይቆጥሩ ነበር፤ አዲሶቹ ይህን ጉድለት አርመዋል። ሊገዛ የሚያስብ ሰው ለየትኛው ብርሃን እንደተስተካከለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሥራ በለንደን ተሠርቷል። በሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመሩት ፕሮጀክት የባሕሩን የዓመት ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን መውጣትና መግባት በመቆጣጠሪያ መሣሪያ እየመሰሉ ኮራሎች በገንዳ ውስጥ በታቀደ ጊዜ እንቁላላቸውንና የወንዴ ዘራቸውን እንዲለቁ አድርገዋል። በ2019 ደግሞ የፍሎሪዳ አኳሪየም ከእነርሱ ጋር በመተባበር በፍሎሪዳ ባሕር ሊጠፋ የተቃረበውን የምሰሶ ኮራል በላብራቶሪ አራብቷል። የሥራው ጭንቅ ያለው በደካማው ብርሃን ላይ ነው። ከቀትር ፀሐይ እስከ ሙሉ ጨረቃ ድረስ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ ለቀን የተሠራ መብራት ወደዚያ ዝቅ ሊል ስለማይችል ለጨረቃው የራሱ ትንንሽ ኤል ኢ ዲ ይመደብለታል። አንዳንድ ኮራሎች ሌሊቱን የሚለዩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨረቃ እስክትወጣ ባለው ጨለማ ነው፤ በእነዚያ ምሽቶች ከኮሪደር የሚገባ የአምፖል ጭላንጭል እንኳ ጨለማውን ሊያጠፋ ስለሚችል ገንዳዎቹ በብርሃን መከላከያ ይጋረዳሉ።