የግል ዊኪ፦ በምን ይሠራ? የት ይቀመጥ?

ዊኪ ሲባል ብዙ ሰው ዊኪፔዲያን ያስባል፤ ነገሩ ግን ከዊኪፔዲያ ስድስት ዓመት ይቀድማል። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ካኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ በ1995 እ.ኤ.አ. የከፈተው የሶፍትዌር ባለሙያዎች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። አንባቢው ገጹን እዚያው ማረም ይችላል፤ ገና ወዳልተጻፈ ገጽም ሊንክ መትከል ይችላል። ብቻውን ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጥቅም ይህ ሁለተኛው ነው። ስለ ፒያሳ የሚጽፍ ሰው በመሃል የአንድ ሕንፃ ስም ቢያነሳ ሊንኩን ተክሎ ያልፋል፤ የሕንፃውን ገጽ መረጃው ሲሟላለት ይጽፈዋል።

እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማኖር የሚፈልግ ሰው ሶፍትዌር ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው መልኩንና የአገልግሎቱን ብዛት ነው። እኔ ግን መውጫውን አስቀድሞ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነገ ቦታ ልቀይር ቢል ጽሑፉን ከነታሪኩ ይዞ መሄድ ይችላል ወይ? በመምህራን ዘንድ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ዊኪስፔስስ በ2018 እ.ኤ.አ. ነፃ ዊኪዎቹን ሲዘጋ፣ የክፍል ሥራቸውን እዚያ ያከማቹ ሰዎች ጊዜው ሳያልፍ ለማውጣት ተገድደዋል።

ዊኪፔዲያ የቆመበት ሚዲያዊኪ ነፃና ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉን የሚያኖረው በዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝም ሆነ አዲሱን እትም ለመጫን ከሰርቨር ጋር መግባባት ያስፈልጋል። ለመቶ ጸሐፊ ይህ ተገቢ ድካም ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ይበዛል። ቲድሊዊኪ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው፤ ጄረሚ ረስተን በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሶፍትዌር ዊኪውን ሙሉ በአንድ ፋይል ይይዘዋል። ፋይሉን የትም መስቀል ይቻላል፤ ሲያድግ ግን አንባቢው አንዲት ገጽ ለማየት ሁሉንም ማውረድ ግድ ይሆንበታል። በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ይህ ወጪ ነው።

እኔ የምመርጠው ዶኩዊኪን ነው። ጀርመናዊው አንድሪያስ ጎር ይህንንም ያወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ዳታቤዝ የለም። የቀድሞ እትሞች ታሽገው በሌላ ፎልደር ይቀመጣሉ። ሶፍትዌሩ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ፋይሎቹ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን መስተካከል አለበት። ዶኩዊኪ እንደተጫነ ሲተው የፋይል ስሞችን በላቲን ምልክቶች እየለወጠ ያስቀምጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ሲጻፍ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ይይዛል። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ፣ ርዕሱ ከ26 ፊደል ያህል ሲያልፍ ችግር ይፈጠራል። «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት» የሚለው ርዕስ ብቻውን ወደዚህ ወሰን ይጠጋል። መፍትሔው የፋይል ስም አጻጻፍን የሚወስነውን ቅንብር ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ ነው፤ ገጾች ከተጻፉ በኋላ ከተለወጠ ግን ነባሮቹ ይሰወራሉ።

የፍለጋው ነገር ደግሞ አለ። «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸውና። በርዕስ ላይ አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት፣ ሌሎቹን በገጹ ግርጌ መዘርዘር ይረዳል። እዚህ ላይ ሚዲያዊኪ ይበልጣል፤ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚመራ ማዞሪያ ገጽ አብሮት የተሠራ ነው፣ ዶኩዊኪ ግን ለዚያ ፕለጊን ይፈልጋል።

ማረሚያውን ለሁሉም ክፍት መተው አልመክርም። ማስታወቂያ የሚዘሩ ሮቦቶች ያልተጠበቀ ዊኪን ፈልገው ያገኛሉ። ማንበብ ለሁሉም፣ ማረም ባለቤቱ ለሚያውቃቸው ይሁን።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ ለዶኩዊኪ ፒኤችፒ የሚያሠራ ተራ የጋራ ሆስቲንግ ይበቃዋል። የራስ ሰርቨር መከራየት የደኅንነት ማሻሻያውንም በራስ ጫንቃ ላይ መውሰድ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሚራሄዝን ይመልከት፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዲያዊኪ ገጾችን ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ያስተናግዳል። ፋንደምም በነፃ ያስተናግዳል፣ ነገር ግን ማስታወቂያ አለበት።

ዶሜይኑን ከሆስቲንጉ ለይቶ ማስመዝገብ ይሻላል፤ ያኔ ሆስቲንጉ ቢቀየርም አድራሻው አይለወጥም። ከኢትዮጵያ ሆኖ በየዓመቱ በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር ውጭ ያለ ዘመድ ሊከፍል ይችላል። ቢሆንም ምዝገባው በጸሐፊው ስም፣ የማሳሰቢያው ኢሜይልም ጸሐፊው በሚከፍተው አድራሻ መሆን አለበት፤ የማደሻ ቀኑ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወደዚያ ነውና።