የሰማ ላልሰማ ያሰማ

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ፈረሶች 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዙበት የጽናት ውድድር ነበር። መሐንዲሱና የአማተር ራዲዮ ባለሙያው ቦብ ብሩኒንጋ የእያንዳንዱን ፈረስ ቦታና ሁኔታ ለመከታተል ቪክ-20 በምትባል አነስተኛ የቤት ኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፉ። ጂፒኤስ ገና በተራው ሰው እጅ አልገባም ነበር። በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠሩ የነበሩት ብሩኒንጋ ሐሳቡን አሳድገው በኋላ ኤፒአርኤስ አሉት። አማተሮች መኪናቸውን፣ ፊኛቸውንና የአየር ሁኔታ መለኪያቸውን በካርታ ላይ የሚያሳዩት ዛሬም በዚሁ ነው።

የድሮ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት ጎስሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይል ነበር። ኤፒአርኤስም ልክ እንዲሁ ይሠራል። ከራዲዮው ጋር የተያያዘች ትንሽ መሣሪያ ቦታውን ከጂፒኤስ ትቀበላለች፣ የባለቤቱን የጥሪ ስም ትጨምርበታለች፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ ሁለት ድምፆች ትለውጠዋለች፤ አንዱ 1200 ሌላው 2200 ኸርዝ ነው። ፓኬት የሚባለው ይህ መልእክት አንድ ሰከንድ ገደማ በምትቆይ ጩኸት ያልቃል። በሰሜን አሜሪካ ሁሉም በ144.39፣ በአውሮፓ ደግሞ በ144.80 ሜጋኸርዝ ይናገራሉ።

ቦታን ለሚናገር መልእክት «ደርሶኛል» የሚል መልስ የለም። ሁለት ጣቢያዎች እኩል ከተናገሩ መልእክታቸው ሊጠፋ ይችላል። በፓኬቱ መጨረሻ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ካልገጠመም ተቀባዩ ይጥለዋል። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የሥርዓቱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የሚጓዝ መኪና ከአምስት ደቂቃ በፊት የነበረበትን ቦታ ደግሞ መላክ ምን ይጠቅማል? አዲሱ እየመጣ ነው።

ከፍታ ላይ የተተከሉ ደጋሚ ጣቢያዎች የሰሙትን መልሰው ያሰማሉ። ላኪው ስንት ጊዜ እንዲደገምለት እንደሚፈልግ በቁጥር ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ደጋሚ አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ አዋጁ ይቆማል። ይህ ገደብ ባይኖር አንድ መልእክት መላውን አገር ያደነቁር ነበር። መንገዱ ላይ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ጣቢያ ከሰማው ግን በዓለም ካርታ ላይ ይወጣል።

የአየር ሁኔታ ፓኬት ቁጥብነት በጣም ያስደስተኛል። «090/005» ካለ ነፋሱ ከምሥራቅ በሰዓት 5 ማይል እየነፈሰ ነው። ቀጥሎ 010 ቢመጣ ድንገተኛው ሽውታ 10 ማይል ደርሷል፤ 068 በፋራናይት የተለካ ሙቀት ነው፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው፤ 55 እርጥበቱ በመቶኛ፤ 10132 ደግሞ 1013.2 ሚሊባር የአየር ግፊት። ከነፋሱ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንዲት ፊደል ስለምትቀድመው አይምታታም። አሜሪካ ውስጥ ከሰዎች ጓሮ የሚነሣው ይህ ልኬት በዜጎች የአየር ሁኔታ ታዛቢዎች መርሃ ግብር በኩል ለብሔራዊው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ይደርሳል። እዚያም የአንዱ ጣቢያ ንባብ ከጎረቤቶቹ ጋር ይመሳከራል፤ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ቶሎ ይጋለጣል።

ምስጢር ግን የለም። የአማተር ራዲዮ ሕግ የመልእክትን ትርጉም መሰወር ይከለክላል። መኪናው ላይ መከታተያ የገጠመ ሰው ቤቱ የት እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ ለሁሉም እየተናገረ ነው፤ ከሰፈሩ ርቆ ቢያበራው የተሻለ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት ብሩኒንጋ፣ ሥራቸው የመኪና መከታተያ ተደርጎ ብቻ መታየቱን አይወዱም ነበር። ዓላማቸው እንግዳ ቦታ የደረሰ ሰው ራዲዮውን ሲከፍት በአካባቢው ማን እንዳለ፣ አየሩ እንዴት እንደሆነ፣ በየትኛው ሞገድ ማነጋገር እንደሚቻል ወዲያው እንዲያውቅ ነበር። አዋጁ ሰማይም ደርሷል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ በ145.825 ሜጋኸርዝ የሰማውን ፓኬት የሚደግም ራዲዮ አለው። ጣቢያው በሚያልፍባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ አማተር የራሱ የጥሪ ስም ከላይ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል።